የኒዮስ ሐይቅ ጋዝ ምንጭ

ነሐሴ 15 ቀን 1978 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኦገስት 21 ቀን 1986፣ ዕለቱ ሐሙስ ነበር። በሰሜን ምዕራብ ካሜሩን ደጋማ ምድር በምትገኘው በኒዮስና በአካባቢዋ ባሉ መንደሮች ሕዝቡ የዕለት ተግባሩን ፈጽሞ ወደየቤቱ ገብቷል። ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ከመንደሩ በላይ ካለው ሐይቅ የጉርምርምታ ድምፅ ተሰማ። ጥቂት ቆይቶም ጉም የሚመስል ነገር ከሐይቁ ወጥቶ ሸለቆ ሸለቆውን ይዞ ቁልቁል ወረደ። በማግሥቱ ከ1700 በላይ ሰዎችና ወደ 3500 የሚጠጉ ከብቶች ሞተው ተገኙ። ከሐይቁ እስከ 25 ኪሎ ሜትር በሚደርስ ርቀት እንኳ የሞቱ ነበሩ። በመንደሮቹ ግን የፈረሰ ቤትም ሆነ የተቃጠለ ጣሪያ አልታየም። ምልክት የታየው በሐይቁ ላይ ነበር፤ ይኸውም ውሃው ወደ ቀይነት ተለውጦ፣ ወለሉ 1 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ፣ በዳርቻው የነበረው ተክል በማዕበል ተጠራርጎ ተገኘ።

ሰዎቹን የገደላቸው ካርቦን ዳይኦክሳይድ መሆኑን ለመረዳት ብዙ ጊዜ አልፈጀም። ይህ ጋዝ ከአየር የሚከብድ በመሆኑ እንደ ጎርፍ በሸለቆ ይወርዳል፤ በዝቅተኛ ቦታም ይተኛል። በብዛት የተነፈሰው ሰው ሳይጮኽና ሳይሮጥ ራሱን ስቶ ይወድቃል። አከራካሪ ሆኖ የቆየው ጋዙ ምን እንደ ሆነ ሳይሆን ከየት እንደ መጣ ነበር። ለአንድ መሐንዲስ ይህ የጥናት ጥያቄ ብቻ አይደለም። የአደጋው መነሻ በዚያች ሌሊት ከሐይቁ በታች የፈነዳ እሳተ ገሞራ ከሆነ፣ ሕዝቡን ከአካባቢው ከማራቅ በቀር የሚሠራ ሥራ አይኖርም። ጋዙ ለብዙ ዘመን ቀስ እያለ በውሃው ውስጥ ሲከማች የኖረ ከሆነ ግን የተከማቸውን ማስወጣት ይቻላል። በአካባቢው ከሞት ተርፈው በመጠለያ የሰፈሩት በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ እርሻቸው የመመለሳቸው ጉዳይ በዚህ መልስ ላይ የተመሠረተ ነበር።

መልሱ ከተገኘባቸው መንገዶች አንዱ በሐይቁ ውሃ ውስጥ የሟሟውን ካርቦን መመርመር ነው። ይህም ምርመራ የግማሽ ምዕተ ዓመት ታሪክ ነበረው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ሦስቱ የካርቦን ዓይነቶች

በተፈጥሮ ከሚገኘው ካርቦን ከ100 እጅ 99 የሚሆነው ክብደቱ 12 የሆነው ካርቦን ነው። ቀሪው 1 እጅ ያህል ካርቦን 13 ሲሆን፣ ይህም በ1929 በኪንግና በበርጅ ተገኘ። ሁለቱም ሳይለወጡ የሚኖሩ ናቸው። ሦስተኛውን፣ ካርቦን 14ን፣ ማርቲን ካመንና ሳሙኤል ሩበን በ1940 በበርክሌይ አገኙት። ይህኛው በከፍተኛው አየር ውስጥ ዘወትር ይፈጠራል፤ ነገር ግን በየ5730 ዓመቱ በግማሽ እየጎደለ ስለሚሄድ ከ50 ሺህ ዓመት በኋላ በመሣሪያ ሊለካ የሚችል ነገር አይቀረውም።

የካርቦን 13 መጠን ከቦታ ቦታ እንደሚለያይ አልፍሬድ ኒርና ኤርል ጉልብራንሰን በ1939 አሳዩ። የኖራ ድንጋይ በካርቦን 13 የበለጸገ ሲሆን፣ ዕፅዋት ግን ከአየሩ ላይ ቀላሉን ካርቦን መርጠው ስለሚወስዱ ከባዱ በአካላቸው ያንሳል። ሃርሞን ክሬይግ በ1953 በቺካጎ ብዙ የድንጋይ፣ የዕፅዋት፣ የጋዝና የውሃ ናሙናዎችን በማስ ስፔክትሮሜትር መርምሮ እያንዳንዱ ወገን የየራሱ መጠን እንዳለው አረጋገጠ። ለመመዘኛም በደቡብ ካሮላይና ከሚገኘው የፒዲ ድንጋይ የተወሰደ የጥንት ባሕር እንስሳ ቅሪት ተመረጠ። ልዩነቱም ከዚህ መመዘኛ በሺህ ስንት እንደሚበልጥ ወይም እንደሚያንስ እየተባለ ይነገራል።

በዚህ አለካክ ከባሕር የተገኘ የኖራ ድንጋይ ወደ ዜሮ የተጠጋ ነው። የዛፎችና የአብዛኞቹ ዕፅዋት አካል በሺህ 25 ያህል ያንሳል። ጤፍ፣ ማሽላና በቆሎ ካርቦን የሚቀበሉበት ሥርዓት የተለየ ስለሆነ የእነርሱ የሚያንሰው በሺህ 12 ያህል ብቻ ነው። ከምድር ጥልቀት፣ ከቅልጥ ዐለት የሚወጣው ካርቦን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በሺህ ከ3 እስከ 8 ያንሳል። እንግዲህ በውሃ ውስጥ የሟሟ ካርቦን ከየትኛው ወገን እንደ መጣ የሚጠቁም ምልክት ይዞ ይገኛል ማለት ነው።

ዕድሜን ፍለጋ፣ ምንጭን ማግኘት

ዊላርድ ሊቢ በካርቦን 14 ዕድሜን መለካት እንደሚቻል በ1949 ካሳወቀ በኋላ፣ ዘዴው በጥንት ቅርሶች ላይ ብዙ ፍሬ አስገኘ። ሊቢም በ1960 የኖቤል ሽልማት አገኘበት። ዘዴው ወደ ውሃ ሲዛወር ግን ያልታሰበ ችግር ገጠመ። በ1954 ኤድዋርድ ዲቪና ባልደረቦቹ የኖራ ድንጋይ በሚገኝበት አገር ካለ ሐይቅ ለምለም ዕፅዋትን ነቅለው በካርቦን 14 ቢመረምሩ፣ ዕፅዋቱ ከሞቱ ከሺህ ዓመት በላይ የሆናቸው መስለው ተገኙ። መሣሪያው አልተሳሳተም። ዕፅዋቱ ለምግባቸው የወሰዱት ካርቦን ከፊሉ ከድንጋይ የሟሟ ነበር፤ የድንጋዩ ካርቦን 14 ደግሞ ከሚሊዮኖች ዓመታት በፊት አልቋል።

በ1957 ካርል ኦቶ ሙኒክ በሃይደልበርግ የከርሰ ምድርን ውሃ ዕድሜ በዚሁ ዘዴ መለካት ሲጀምር ይኸው ጉዳይ አብሮ መጣ። ዝናብ ወደ መሬት ሲሰርግ ከዕፅዋት ሥርና ከብስባሽ የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይይዛል፤ ኮምጣጣም ይሆናል። ከኖራ ድንጋይ ጋር ሲገናኝ ድንጋዩን ያሟሟና ባይካርቦኔት ይሆናል። ከዚህ በኋላ በውሃው ውስጥ ካለው ካርቦን ግማሹ የአፈር፣ ግማሹ የድንጋይ ነው። እንግዲህ ትናንት የሰረገ ውሃ እንኳ ከካርቦን 14 ግማሹን ብቻ ስለሚይዝ ዕድሜው 5730 ዓመት ይመስላል። ይህን ሳያውቅ ጉድጓድ የሚያስቆፍር ባለሙያ በየዓመቱ በዝናብ የሚታደሰውን ውሃ ከጥንት የቀረና የማይተካ ነው ብሎ ሊተወው ይችላል።

ስሕተቱን ለማረም የረዳው ካርቦን 13 ነው። ዕፅዋቱ በሺህ 25 የሚያንሱ፣ ድንጋዩም ዜሮ ከሆነ፣ እኩል የተቀላቀሉበት ውሃ በሺህ 12 ተኩል ያህል ያንሳል። ስለዚህ የካርቦን 13 መጠን ከታወቀ ድንጋዩ ያበረከተው ድርሻ ይታወቃል፤ የካርቦን 14ም ንባብ በዚያው ልክ ይስተካከላል። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ በዚህ መሠረት ልዩ ልዩ የማስተካከያ ስሌቶች ቀረቡ። ከዚህ ሥራ የተገኘው ዋና ትምህርት፣ በውሃ ውስጥ ያለ ካርቦን ዕድሜው ከመጠየቁ በፊት ምንጩ መጠየቅ አለበት የሚለው ነው። ኒዮስ ላይ የሠራውም ይኸው ትምህርት ነበር።

የሞኑን ማስጠንቀቂያ

ከኒዮስ አደጋ 2 ዓመት ቀደም ብሎ፣ ኦገስት 15 ቀን 1984፣ በዚያው በካሜሩን ከሞኑን ሐይቅ የወጣ ጋዝ 37 ሰዎችን ገድሎ ነበር። በ1985 ወደ ቦታው የሄዱት የአይስላንድ ተወላጅ ሃራልዱር ሲጉርድሶንና ባልደረቦቹ የሐይቁን ጥልቅ ውሃ ቀድተው መረመሩ። በውሃው ውስጥ የሟሟው ካርቦን በብዛት የተገኘ ሲሆን፣ የካርቦን 14 መጠኑ እጅግ ያነሰ፣ የካርቦን 13 መጠኑም ለቅልጥ ዐለት የሚስማማ ነበር። ሐይቁ ታድሶ የሚኖር ውሃ ስለሆነ ይህ አነስተኛ የካርቦን 14 መጠን የውሃውን እርጅና አያመለክትም። የሚያመለክተው ካርቦኑ ሕይወት ካለው ነገር አለመምጣቱን ነው። ተመራማሪዎቹ ከምድር ጥልቀት የሚወጣ ጋዝ ቀስ እያለ በሐይቁ ግርጌ ተከማችቶ፣ ውሃው በመናወጡ በአንድ ጊዜ ወጣ የሚል መደምደሚያ ላይ ደረሱ። ይህ አስተሳሰብ በባለሙያዎች ዘንድ ገና ሳይስፋፋ ኒዮስ ደረሰ።

አንድ ሐይቅ እንዲህ ያለ ጋዝ እንዴት ሊሸከም እንደሚችል ለመረዳት የአምቦ ውሃ ጠርሙስ በቂ ምሳሌ ነው። ጠርሙሱ እንደ ተከደነ ጋዙ በውሃው ውስጥ ሟሙቶ ስለሚኖር አረፋ አይታይም። ክዳኑ ሲነሣና ግፊቱ ሲቀንስ ግን ይፈላል። የኒዮስ ሐይቅ ጥልቀት 200 ሜትር ያልፋል። በግርጌው ያለውን ውሃ የሚከድነው በላዩ ያለው ውሃ ክብደት ሲሆን፣ ግፊቱም ከ20 አትሞስፌር በላይ ነው። በዚህ ግፊት 1 ሊትር ውሃ ከ10 ሊትር በላይ ጋዝ ሊሸከም ይችላል። ከግርጌው ጥቂት ውሃ ብቻ ወደ ላይ ቢገፋ አረፋ ይሠራል፤ አረፋው ውሃውን ያቀልለዋል፤ የቀለለው ውሃ ይበልጥ ይወጣል፤ ሌላውንም ከሥሩ ይስባል።

የኒዮስ ምርመራ

ከአደጋው በኋላ ባሉት ሳምንታት ከልዩ ልዩ አገሮች የመጡ ተመራማሪዎች ወደ ስፍራው ደረሱ። ስማቸው የታወቀው የእሳተ ገሞራ ሊቅ ሃሩን ታዚዬፍና ከእርሳቸው ጋር የተስማሙ ሌሎች አደጋው ከምድር ውስጥ በቀጥታ የፈነዳ ነው የሚል አስተያየት ያዙ። ለዚህም የሚጠቅሱት ማስረጃ ነበራቸው። ከተረፉት ሰዎች አንዳንዶቹ የተበላሸ እንቁላል ወይም የባሩድ ሽታ እንደ ሸተታቸው፣ ሙቀትም እንደ ተሰማቸው ተናግረዋል። በገላቸው ላይ ቃጠሎ የሚመስል ቁስል የታየባቸውም ነበሩ። ሌሎቹ ተመራማሪዎች በበኩላቸው ጋዙ በሐይቁ ውስጥ ተከማችቶ የኖረ ነው ሲሉ ተከራከሩ።

በመጀመሪያ መለየት የነበረበት የካርቦኑ ምንጭ ነው። ሦስት ምንጮች ሊታሰቡ ይችሉ ነበር፤ እነርሱም በሐይቁ ግርጌ የሚበሰብሰው ዕፅዋት፣ የሟሟ የኖራ ድንጋይና ቅልጥ ዐለት ናቸው። ከጥልቁ ውሃ የተወሰደው ካርቦን 13 ከመመዘኛው በሺህ ከ3 እስከ 4 አንሶ ተገኘ። ይህ ለቅልጥ ዐለት የሚስማማ ቢሆንም ለብቻው አይበቃም። ከኖራ ድንጋይ 6 እጅ፣ ከዕፅዋት 1 እጅ ቢቀላቀልም በሺህ 3 ተኩል ያህል ያነሰ ካርቦን ይገኛልና። አንድ ቁጥር ሁለት ፍች ሲኖረው ሁለተኛ ምስክር ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ምስክር ካርቦን 14 ሆነ። ከ7 እጅ 1 እጁ በቅርብ ዘመን ከበሰበሰ ዕፅዋት የመጣ ቢሆን ኖሮ፣ ካርቦን 14ም በዚያው ልክ መገኘት ነበረበት፤ ንባቡም 16 ሺህ ዓመት ገደማ ይሆን ነበር። በጥልቁ ውሃ ውስጥ ባለው ጋዝ የተገኘው ካርቦን 14 ግን የለም ሊባል የሚችል ነው። ስለዚህ የዕፅዋት ብስባሽ ከተጠርጣሪዎች ወጣ። የኖራ ድንጋይም እንደ ዕፅዋቱ በካርቦን 14 ሊለይ ስለማይችል ሌላ ማስረጃ ተፈለገ። የአካባቢው ምድር ግራናይትና ከእሳተ ገሞራ የወጣ ጥቁር ድንጋይ ነው። ከዚህም በላይ ከካርቦኑ ጋር አብሮ የተገኘው የሂሊየም ጋዝ፣ ቀላሉ ሂሊየም ከከባዱ ጋር ያለው ንጽጽር በአየር ውስጥ ካለው ከ5 ጊዜ በላይ ሆኖ ተገኘ። እንዲህ ያለ ሂሊየም የሚመጣው ከምድር ቅርፊት በታች ካለው ክፍል ነው። በዚህም የካርቦኑ ምንጭ ቅልጥ ዐለት መሆኑ ተረጋገጠ።

ምስክርነቱ የደረሰበትን ወሰን መጠበቅም ተገቢ ነው። ካርቦኑ ከቅልጥ ዐለት መምጣቱን ሁለቱም ወገኖች የሚቀበሉት ነገር ነበር። በዚያች ሌሊት ፈነዳ ወይስ ቀድሞ ተከማችቷል የሚለውን አይሶቶፕ ብቻውን ሊወስን አይችልም። ይህን የወሰኑት ሌሎች ልኬቶች ናቸው። ከአደጋው በኋላ የሐይቁ ግርጌ ውሃ በፍንዳታ የሞቀ ሆኖ አልተገኘም። ከእሳተ ገሞራ ጋር ይወጣሉ የሚባሉት የድኝና የክሎሪን ውሁዶች ከቁጥር የሚገቡ አልነበሩም። በግርጌው ያለው ደለልም ፍንዳታ የበታተነው አይመስልም ነበር። የሽታውን ነገር ሐኪሞች ሲያስረዱ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በብዛት ሲተነፈስ የሌለ ሽታ እንደሚያሸትትና የሙቀት ስሜት እንደሚፈጥር አመለከቱ። በማርች 1987 በያውንዴ በተደረገው ዓለም አቀፍ ስብሰባ ክርክሩ ቢቀጥልም፣ አብዛኞቹ ተመራማሪዎች ጋዙ በውሃው ውስጥ ተከማችቶ የቆየ ነው ወደሚለው አዘነበሉ። ክምችቱን ያናወጠው የዳርቻ መደርመስ ነው፣ ወይም የክረምቱ ቅዝቃዜና ዝናብ ነው የሚሉ ሐሳቦችም ቀረቡ።

ከምርመራ ወደ ቧንቧ

የአይሶቶፕ ምርመራው ለመሐንዲሶች የሰጠው ትልቁ ቁም ነገር ስለ ወደፊቱ ነው። ካርቦኑ የተገኘው ከብስባሽ ቢሆን ኖሮ ክምችቱ ከደለሉ ጋር የተያያዘና የተወሰነ በሆነ ነበር። ምንጩ ቅልጥ ዐለት ከሆነ ግን አደጋው በ1986 አልተፈጸመም፤ ጋዙ ከታች መግባቱን ይቀጥላል፤ ሐይቁም እንደ ገና ይሞላል። ከአደጋው በኋላ ባሉት ዓመታት በተከታታይ የተደረጉት ልኬቶች በግርጌው ያለው ጋዝ እየጨመረ መሄዱን አሳዩ። በ1986 ሳይወጣ የቀረውም ጋዝ ጥቂት አልነበረም።

መፍትሔው የተመሠረተው አደጋውን ባመጣው በዚያው ሕግ ላይ ነው። ከሐይቁ ወለል እስከ ግርጌው ቧንቧ ይወርድና በመጀመሪያ ውሃው በፓምፕ ይሳባል። ውሃው በቧንቧው ውስጥ ሲወጣ ግፊቱ ይቀንሳል፤ ጋዙም አረፋ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ፓምፑ ቢቆምም አረፋው ራሱ ውሃውን እየገፋ ያወጣዋል፤ ሥራው ያለ ነዳጅና ያለ ኤሌክትሪክ ይቀጥላል። በቧንቧው ውስጥ የሚወጣው ጋዝ በመጠን ስለሚወጣ በነፋስ ይበተናል፤ ሰውንም አይጎዳም። ይህ ዘዴ በ1992 በሞኑን፣ በ1995 በኒዮስ ተፈተነ። በጃንዋሪ 2001 ከፈረንሳይ በመጣው በሚሼል ሃልብዋክስ ቡድን የመጀመሪያው ቋሚ ቧንቧ 203 ሜትር ያህል ጥልቀት ድረስ በኒዮስ ሲተከል፣ የውሃው ፏፏቴ ከሐይቁ ወለል በላይ 50 ሜትር ያህል ተወረወረ። ሞኑን ላይ በ2003 አንድ፣ በ2006 ደግሞ ሁለት ቧንቧዎች ተተከሉ። በኒዮስ በ2011 ሁለት ተጨማሪ ቧንቧዎች ገቡ። ከዚህም የተነሣ በሁለቱም ሐይቆች የነበረው ክምችት እጅግ ቀነሰ።

ነገር ግን ምንጩ የማይቋረጥ በመሆኑ ሥራው ተፈጽሞ የሚተው አይደለም። ቧንቧው እንደ አንድ የውሃ መስመር ወይም ድልድይ ዘወትር ጥበቃና እድሳት የሚሻ ተቋም ነው። ክምችቱ ሲቀንስ የአረፋው ኃይል ስለሚደክም፣ በሞኑን ቧንቧዎቹ በራሳቸው መግፋት ሲያቆሙ ጥልቁን ውሃ በፓምፕ ማውጣት አስፈልጓል።

ለኢትዮጵያ ባለሙያዎች የሚተርፈው ትምህርት

የታላቁ ስምጥ ሸለቆ አገር በሆነችው በኢትዮጵያ ይህ ታሪክ ሩቅ አይደለም። የአምቦ ውሃ ተፈጥሯዊ ጋዝ፣ በሻላና በላንጋኖ ዳርቻ የሚፈልቁት ሙቅ ምንጮች፣ የቢሾፍቱም ሐይቆች የተቀመጡባቸው የእሳተ ገሞራ ጉድጓዶች ለሁሉም የታወቁ ናቸው። የጉድጓድ ቅርጽ መመሳሰል ግን አንድን ሐይቅ ኒዮስ አያደርገውም። የሚፈርደው የጥልቁ ውሃ ልኬት ነው። በ1968 የቢሾፍቱን ሐይቆች ጥልቀትና ኬሚካዊ ይዘት የሚገልጽ ጥናት መታተሙ ለዚህ ዓይነቱ ሥራ መሠረት የሚሆን ነው።

የዝዋይ፣ የላንጋኖ፣ የአብያታና የሻላ ሐይቆች በጥንት ዘመን አንድ ታላቅ ሐይቅ እንደ ነበሩ ከ1970ዎቹ ጀምሮ የታወቀው፣ ከዛሬው የውሃ ወለል በላይ ከፍ ብለው ከተገኙ ደለሎችና የቀንድ አውጣ ዛጎሎች ላይ በተደረገ የካርቦን 14 ልኬት ነው። ዛጎሉን የሠራው እንስሳ ካርቦኑን የወሰደው ከሐይቁ ውሃ ነው። ወደ ሐይቁ ከሙቅ ምንጭ ያረጀ ካርቦን የሚገባ ከሆነ፣ ዛጎሉ ካለው ዕድሜ በላይ አርጅቶ ሊታይ ይችላል። በስምጥ ሸለቆ ለመጠጥና ለመስኖ የሚቆፈር ጉድጓድም እንዲሁ ነው። ከጥልቀት የሚመጣ ጋዝ የተቀላቀለበት ውሃ በካርቦን 14 ብቻ ቢለካ፣ በየክረምቱ የሚታደሰው ውሃ ብዙ ሺህ ዓመት እንደ ቆየ ተቆጥሮ የተሳሳተ ውሳኔ ሊሰጥበት ይችላል።

ከናሙናው ጋር ካርቦን 13ን ማስለካት፣ የአካባቢውን ድንጋይ ማጥናትና የጋዙን ዓይነት መመዝገብ ከአንድ ጉድጓድ ቁፋሮ ወጪ ጋር ሲነጻጸር ቀላል ነገር ነው። በሞኑን 37 ሰዎች ከሞቱ በኋላ የተቀዳው ጥቂት ጠርሙስ ውሃ የጋዙን ምንጭ አሳይቶ ነበር። ይህ ምርመራ በጊዜው ወደ አጎራባች ሐይቆች ሁሉ ቢዛመት ኖሮ፣ የኒዮስ ጥልቅ ውሃ ከ1986 በፊት በተቀዳ ነበር።